መመሪያችንን በምን እንጻፍ?



የጀመዓችን የኪታብ ማዋሻ ፕሮግራም በየዓመቱ እጅ ይቀይራል። ኮዱን የጻፉት ወንድሞች ተመርቀው ሄደዋል፤ አሁን የያዝነው እኛም ኢንሻአላህ ሰኔ ላይ እንሄዳለን። የተረከብነው መመሪያ አንድ የወርድ ፋይል ነበር፤ ከጎኑ ደግሞ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2» እና «ትክክለኛው የመጨረሻ» የሚባሉ ወንድሞቹ ተደርድረዋል። የትኛው ከኮዱ ጋር እንደሚስማማ ለማወቅ አራቱንም ማንበብ ግድ ነው። ጊት የኮዱን ለውጥ መስመር በመስመር ያሳየናል፤ የወርዱን ፋይል ግን «ተለውጧል» ከማለት አልፎ ምኑ እንደተለወጠ አይነግረንም።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ኪታቦቹ ወቅፍ ናቸው። የሰጡን ሰዎች ሰደቀቱል ጃሪያ ነይተው ነው የሰጡን። የመዝገቡ መጠባበቂያ ቅጂ እንዴት እንደሚወሰድ የሚያውቅ ሰው ሳይተካ ከሄደ፣ ኮምፒውተሩ በተበላሸ ቀን የትኛው ኪታብ በማን እጅ እንዳለ የሚናገር አይኖርም። ስለዚህ መመሪያውን በተራ ጽሑፍ ጽፈን፣ ከኮዱ ጎን አስቀምጠን፣ አብሮት እንዲታደስ ለማድረግ ቶሎ ተስማማን። ያከራከረን በየትኛው ማርክአፕ እንጻፈው የሚለው ነው።

ቃሉ ለአንዳንዶቻችሁ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ነገሩን ግን መድረሳ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። የመጀመሪያዎቹ ሙስሐፎች ሐረካ አልነበራቸውም። አናባቢውን በነጥብ ማመልከት የጀመሩት አቡል አስወድ አድ-ዱአሊይ እንደሆኑ፣ ዛሬ የምናውቀውን የፈትሓ፣ የከስራና የዶማ ቅርጽ ያወጡት ደግሞ አል-ኸሊል ኢብኑ አሕመድ እንደሆኑ ከኡስታዞቻችን ሰምተናል። ነጥቦቹ በሌላ ቀለም ይጻፉ ነበር፤ ከዋናው ጽሑፍ ጋር እንዳይምታቱ ነው። የወቅፍ ምልክቶችም እንዲሁ ናቸው። ትንሿ ሚም «ቁም» ትላለች፤ ላም አሊፍ «እዚህ አትቁም» ትላለች፤ ጂም ምርጫውን ለአንባቢው ትተዋለች። ምልክቶቹ ራሳቸው አይነበቡም፤ እንዴት እንደሚነበብ ይናገራሉ። የሶፍትዌር ሰነድ ማርክአፕም ሥራው ይኸው ነው፦ ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ ይድመቅ፣ ይህ ኮድ ነው እያለ ለማሽኑም ለሰውም ይጠቁማል።

ላቴክ ይሁን ያለ ወንድም ነበር፤ የመመረቂያ ጽሑፉን እየጻፈበት ስለሆነ ፍቅሩ አልወጣለትም። ለሒሳብ አቻ የለውም፤ እኛ ግን አንድም ቀመር የለንም። ዶክቡክን ያነሳው ሰው ራሱ ወዲያው ተወው፤ እያንዳንዱን አንቀጽ በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት ማጠር ይጠይቃል። የሊኑክስ ከርነል ሰዎች እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 ከእሱ መውጣት ጀምረዋል።

የሄዱት ወደ ሪስትራክቸርድቴክስት ነው፤ ከባዱ ክርክርም እዚህ ላይ ተነሳ። ያቀረበችው እህታችን ማስረጃዋ ጠንካራ ነበር። ፕሮግራማችን በፓይተን የተጻፈ ነው፤ የፓይተን የራሱ ሰነድም ከላቴክ ወጥቶ የሚጻፈው በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ስፊንክስ ደግሞ ማውጫውን፣ ከገጽ ወደ ገጽ ማጣቀሻውንና ከኮዱ ውስጥ የሚወጣውን ማብራሪያ አንድ ላይ ያቀናጃል። በእንግሊዝኛ ብንጽፍ ኖሮ ከእሷ ጋር የምንከራከርበት ምክንያት አልነበረንም።

አማርኛ ግን ቃልን ብቻውን አይተወውም። ከፊቱ «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» ይለጠፍበታል፤ ከኋላው «ን»፣ «ም»፣ «ው» ይጎተትበታል። «አስቀምጥን ይጫኑ» ብለን ስንጽፍ መድመቅ ያለበት የቁልፉ ስም «አስቀምጥ» ብቻ ነው፤ «ን» የኛ ሰዋስው እንጂ የቁልፉ አይደለችም። ሪስትራክቸርድቴክስት ግን ከመዝጊያው ኮከብ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ወይም ሥርዓተ ነጥብ ካላገኘ ምልክቱን አይዘጋውም። መፍትሔ አለው፦ ከኮከቡና ከ«ን» መካከል ወደኋላ ያዘመመ ሰረዝና ክፍት ቦታ ማስገባት ነው። አንድ ገጽ ሞክረን ቆጠርን፤ በየሁለት መስመሩ አንድ አስፈለገን። በዚያ ላይ ከርዕሱ ሥር የሚሰመረው ሰረዝ በቁጥር ከርዕሱ ፊደላት ማነስ የለበትም። የግዕዝ ፊደል ሰፊ ስለሆነ ስልክ ላይ በዓይን ለክቶ ማስተካከል አይቻልም፤ መቁጠር ነው።

አስኪዶክ ይህን ችግር አስቦበታል፤ ለሙሉ ቃል አንድ ኮከብ፣ ለቃል ክፋይ ሁለት ኮከብ ይሰጣል። የጊት መመሪያዎች የሚጻፉት በእሱ ነው። መጽሐፍ የሚያህል ሰነድ ቢኖረን እሱን እንመርጥ ነበር፤ ይህን የምንለው ከልባችን ነው።

የመረጥነው ግን ማርክዳውንን ነው። ድክመቱን አውቀን ነው። ጆን ግሩበር እ.ኤ.አ. በ2004 ሲያወጣው ጥብቅ መስፈርት አልጻፈለትም፤ ስለዚህ አንዱ ፕሮግራም የተረዳውን ሌላው በሌላ መንገድ ይረዳው ነበር። ኮመንማርክ የተባለው መስፈርት የመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2014 ነው። ሠንጠረዥ እዚያ ውስጥ እንኳ የለም። ሆኖም መመሪያውን ከኛ በኋላ የሚጽፈው ማን ነው? ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ፣ በመግሪብና በዒሻ መካከል ግማሽ ሰዓት ያገኘ፣ ብዙ ጊዜም ስልክ ብቻ በእጁ ያለ ልጅ ነው። ቴሌግራም ላይ ቃሉን በሁለት ሁለት ኮከብ አጥሮ የሚያደምቅ ሁሉ የማርክዳውንን አንድ ትምህርት ጨርሷል። ምንም ሳይቀነባበር ጥሬው ፋይል ቢከፈት እንኳ ይነበባል።

አጉል ጠባዩ እዚህም አልቀረልንም። ከኮከቦቹ ውስጥ ትእምርተ ጥቅስ ካስገባን በኋላ «ን» ከተከተለ፣ በኮመንማርክ ደንብ መዝጊያው አይዘጋም። ጥቅሱን ከኮከቦቹ ውጭ ስናደርገው ይሠራል፤ ይህን ደንብ አድርገነዋል። ሌሎቹ ደንቦቻችን አጫጭር ናቸው፦ የግርጌ ሰረዝ ለማድመቂያ አይውልም፤ ቃልን ከመካከሉ ሲሆን አይሠራምና። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በራሱ መስመር ይጻፋል፤ ያኔ ጊት የትኛው ዐረፍተ ነገር እንደተነካ ያሳየናል።

ያልፈታነው ዐረብኛው ነው። የኪታቦቹ ስም ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ማርክዳውን ግን የአቅጣጫ ምልክት የለውም። ለጊዜው የኤችቲኤምኤልን ምልክት በመካከል እየሰካን ነው፤ ጥሬውን ጽሑፍ ያቆሽሸዋል። እህታችን ይህን ባየች ቁጥር ፈገግ ትላለች። የኮዱን ዝርዝር የሚያብራራውን ክፍል በስፊንክስ እንድትሠራው ተስማምተናል፤ ስፊንክስ በተጨማሪ መሣሪያ ማርክዳውንም ስለሚያነብ ሁለቱ በአንድ ማውጫ ሥር ሊቀመጡ ይችላሉ።

የመጠባበቂያ ቅጂው ምዕራፍ ረቂቅ አልቋል። ፕሮግራሙን ከፍታችሁ የማታውቁ ወንድሞችና እህቶች ብትሞክሩልን ይበልጥ ይጠቅመናል፤ ማንንም ሳትጠይቁ ገጹን ብቻ እያያችሁ ቅጂ ለመውሰድ ሞክሩ፣ የቆማችሁበትንም መስመር ንገሩን።