የጉሮሮ ካንሰርና «ዘር» የሚባለው ቃል

አንባቢ ሆይ፤ «በዘራቸው አለ» የምትባለው ቃል ስንቷን የታጨች ልጅ እንዳስቀረች አስበህ ታውቃለህን?

በሆሳዕና መናኸሪያ ለዱራሜና ለሺንሺቾ ተሳፋሪ እየጠራ የሚውል አንድ ወዳጅ አለኝ። ድምፁ ሲሻክር የሰማው ሁሉ «የጩኸቱ ነው» አለ። ዝንጅብሉም ዳማከሴውም ተሞከረ። ሁለት ወር አልለቅ ቢለው አዲስ አበባ ሄዶ ተመረመረ፤ የማንቁርት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። በጊዜ ስለ ተደረሰበት በጨረር ታክሞ ተመለሰ። ነገር ግን ሐኪሙ «የዘረ መል መለወጥ ነው» ብሎ የነገረው ቃል ከእርሱ ቀድሞ ከተማ ገብቶ ኖሮ፥ የታናሽ እኅቱ እጮኛ ወገኖች ሽማግሌ ልከው «የዘር በሽታ ነው ይባላልና ጊዜ ስጡን» አሉ።

እንግዲህ ቃሉን እንመርምረው። ዘረ መል ማለት በሕዋሳችን ውስጥ ያለ የሥራ መመሪያ ነው፤ ሰው 20,000 ያህል አለው። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል፥ በመሥሪያ ቤትህ መዝገብ እንደሚገለበጥ፥ ይህ መመሪያ በሙሉ ይገለበጣል። ሲገለበጥም ፊደል ይሳሳታል። የተበላሸው ሕዋስ እንዳይባዛ ከሚያግዱት አንዱ በ1979 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የታወቀው ፒ-53 የሚባል ፕሮቲን ነው። የሲጋራ ጢስ የዚህኑ የጠባቂውን ዘረ መል ያበላሻል፤ በብዙው የጉሮሮ ካንሰርም ተበላሽቶ የሚገኘው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የመጠን መዛባት ነው። ኢ.ጂ.ኤፍ.አር. የሚባለው ፕሮቲን ለሕዋሱ «ተባዛ» የሚለውን ትእዛዝ ይቀበላል። በካንሰሩ ውስጥ ይህ ፕሮቲን ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ ስለሚመረት ሕዋሱ ያለ ዕረፍት ይባዛል።

ይህ ሁሉ የሚደርሰው ግን ሰው ከተወለደ በኋላ፥ በጉሮሮው ሕዋስ ላይ ነው። ልጅ የሚወለደው ከአባትና ከእናት የዘር ሕዋስ ነው እንጂ ከጉሮሮ አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ለውጥ ለልጅ አይተላለፍም፤ ለእኅትማ ከየት ይመጣል? በውርስ የሚመጣ ተጋላጭነት ቢኖርም ብርቅ ነው። በሽታውን አብዝተው የሚያመጡት ትምባሆና አልኮል ናቸው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ ይብሳል። በቶንሲል አካባቢ ኤች.ፒ.ቪ. የተባለው ቫይረስም አለበት፤ እርሱ ዘረ መሉን ሳይነካ ፒ-53ን ራሱን ያጠፋዋል። ወዳጄ ከልጅነቱ ጀምሮ አጫሽ ነበር።

ይህን ለሽማግሌዎቹ በቡና ላይ አስረዳኋቸው። አንዱ አባት «እንግዲያው ጥፋቱ የጢሱ ነው እንጂ የደሙ አይደለም» አሉ። የሠርጉ ቀን ግን እስካሁን አልተቈረጠም፤ ወሬ በአንድ ቀን ገብቶ በአንድ ቀን አይወጣምና።

አንተ የተማርህ ነህና በሰፈርህ የሐኪም ቃል ሲተረጐም የምትጠየቀው አንተ ነህ። «ዘረ መል» ሲባል «ዘር» ብለህ አትተርጕም። ድምፁ ከሦስት ሳምንት በላይ የሻከረ፥ መዋጥ የቸገረው ወይም አንገቱ ላይ እብጠት ያወጣ ሰው ብታይ ደግሞ ዘሩን አትጠይቀው፤ ወደ ሐኪም ውሰደው።