ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ፏፏቴ

ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር ከገላን ጉራ ተነስተው ካዛንቺስ የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ እሑድ ነው። ሠፈራቸው ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ቤቱ ለኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ወጡ። ግቢያቸው የቱ ጋር እንደነበር ዛሬም እየቆሙ ይገምታሉ፤ ምልክት የያዙበት የአጥር ግንብ የለም።

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። መንገድ ዳር ባለው መናፈሻ ውሃ በድንጋይ ደረጃ ላይ ሲወርድ ያየችው ልጅ እጃቸውን ለቃ ሮጠች።

«አባባ፣ ፏፏቴ!»

«ይሄ እንኳ ፏፏቴ አይደለም» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። አማርኛው ራሱ አያግዛቸውም። ከገደል የሚወረወረውንም፣ በፓምፕ የሚገፋውንም ፏፏቴ ይለዋል።

«ማታ የት ይሄዳል?» አለች።

«ያጠፉታል።»

«እውነተኛውንስ?»

እዚህ ላይ ቆም አሉ። በዚያው ፋንታ እውነተኛው እንዴት እንደሚፈጠር ማስረዳት ጀመሩ። መምህር ሲጨንቀው ወደ ትምህርቱ ይሸሻል።

ድፎ ዳቦ አስቢ፣ አሏት። ላዩ ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ። ወንዝ ከጠንካራ ዓለት ላይ ወደ ለስላሳ ዓለት ሲሻገር ለስላሳውን ቶሎ ይበላዋል፤ እርከን ይፈጠራል። የሚወርደው ውሃ ደግሞ ጠጠርና አሸዋ ይዞ ከሥር ይቦረቡራል፤ ገንዳ ይቆፍራል። ላይኛው ዓለት ከሥሩ ባዶ ሲሆን እንደ ዳቦው ቅርፊት ተሰብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ፏፏቴ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ምንጩ ይሄዳል። ናያጋራ ባለፉት 12 ሺህ ዓመታት ገደማ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሸሽቷል።

ሁሉም ግን በዚህ መንገድ አይፈጠርም። የጢስ ዓባይ ነገር ከእሳተ ገሞራ ይጀምራል። ከጣና በስተደቡብ የፈሰሰ የቀለጠ ዓለት ቀዝቅዞ ባዛልት ሆነ፤ ወንዙ በዚያ ላይ ተጉዞ ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከጠርዙ ይወረወራል። ቁመቱ 40 ሜትር አለፍ ይላል፤ በክረምት ሲሞላ ወርዱ እስከ 400 ሜትር ይሰፋል።

ተማሪዎቻቸው ለፈተና የሚሸመድዱት የዓይነቶች ዝርዝርም ነበር። እንደ መጋረጃ ወንዙን ሙሉ ሰፍቶ የሚወርድ፤ ከግድግዳው ተለይቶ አየር ላይ የሚወድቅ፤ ዓለቱን እየላሰ የሚወርድ፤ ደረጃ በደረጃ የሚንከባለል። ስሜን ላይ ጂንባር ወደ 500 ሜትር ገደል ሲወረወር በበጋ መሬት ሳይደርስ ጉም የሚሆንበት ጊዜ አለ። እሳቸው ግን ዝርዝሩን ብዙም አይወዱትም። አንዱ ፏፏቴ በነሐሴ መጋረጃ፣ በመጋቢት ክር ነው። ጢስ ዓባይም እንደዚያው ነበር።

ነበር፤ ምክንያቱም አሁን የሚወስነው ወቅቱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ከፏፏቴው በላይ ውሃ እየቀነሰ ከበታቹ መመለስ ጀመረ። 11.4 ሜጋዋት ነበርና ብዙም አልጎዳም። በ1996 የጨረጨራ ግድብ ከጣና የሚወጣውን ውሃ በበር መቆጣጠር ቻለ። በ2001 ከ70 ሜጋዋት በላይ ያለው ሁለተኛው ማመንጫ መጣ፤ ጎብኚ መጥቶ ባዶ ዓለት አይቶ መመለስ የተለመደውም ያኔ ነው። በ2010 የተመረቀው 460 ሜጋዋቱ ጣና በለስ ደግሞ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ወሰደው። ያ ውሃ ዓባይን መልሶ የሚያገኘው ከፏፏቴው እጅግ ርቆ ነው።

የልጅቷ ጥያቄ መልስ እንግዲህ ይሄ ነው። እውነተኛውንም ያጠፉታል።

ኤሌክትሪክ አያስፈልግም የሚል ሞኝ የለም። ካዛንቺስ ላይ መብራት ሲሄድ ሊጥ በቡሃቃ ይዞ መቀመጥን መምህሩም ያውቁታል። ናያጋራም ይቀነሳል። ነገር ግን አሜሪካና ካናዳ በ1950 በፈረሙት ውል በጎብኚ ወቅት ቀን ቀን ቢያንስ በሰከንድ 2,832 ሜትር ኩብ፣ በሌላው ጊዜ የዚያ ግማሽ በፏፏቴው ላይ መውረድ አለበት። የፏፏቴው ድርሻ በቁጥር ተጽፏል፤ የፈለገ ያነበዋል። ለጢስ ዓባይ ስንት እንደሚለቀቅ ቁጥሩን የሚያውቅ ተራ ኢትዮጵያዊ ስንት ይሆን?

መምህሩ ሠፈራቸው ሲነሳም ያሉት ይህንኑ ነበር። «ልማቱን አልጠላሁም። ለማን ምን እንደሚቀርለት ግን አስቀድሞ ይነገር።» ስብሰባው ላይ የሰማቸው ጎረቤት አጨበጨበ። ከዚያ ቀጣዩ ተናጋሪ ተጠራ።

ልጅቷ አሁንም መልስ ትጠብቃለች። ከኪስ ቦርሳቸው የታጠፈ የድሮ አንድ ብር አወጡና ጀርባውን አሳዩአት። ወፎቹ አሉ፤ ከኋላቸው ጢስ ዓባይ አለ።

«ይሄ ነው እውነተኛው?»

«እሱ ነው።»

«ምን ይገዛል?»

«ምንም» አሉ እየሳቁ። ሥዕሉ ላይ ውሃው ሙሉ ነው። ብሩን መልሰው አጠፉትና ወደ አውቶቡሱ ሰልፍ ሄዱ፤ ገላን ጉራ ሩቅ ነው።