ከመጨባበጡ በፊት

በየመሥሪያ ቤቱ የምናውቀው ነገር ነው። አለቃ አንዷን ሠራተኛ ባልደረቦቿ ፊት ያዋርዳታል። እሷ ታኮርፋለች፣ ሥራው ይበላሻል። የሰው ሀብት ኃላፊውና አንድ ሁለት አንጋፋ ሠራተኞች መሀል ይገቡና «አብሮ የሚሠራ ሰው ይጋጫል፤ በቃ ለኛ ስትሉ ተዉት» ይላሉ። ይጨባበጣሉ፣ ቡና ይጠጣል። ጥቂት ወራት ቆይታ መልቀቂያ ስታስገባ «ምን ነካት?» እንላለን።

ይህን ዕርቅ ማለት ይከብደኛል። የተበደለችው ምን እንደተሰማት የጠየቃት የለም። ያጠፋው ጥፋቱን በአፉ አልተናገረም። ቀለል ያለው የአስታራቂዎቹ ጭንቀት ብቻ ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እያልን አድገን፣ የተወጋውን ሳንሰማ የምናስታርቀው እንዴት ነው?

ሌላው መንገድ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ነው። የትኛው ደንብ ተጣሰ? ማን ጣሰው? ቅጣቱስ? ይህ መኖር አለበት። ነገር ግን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ማኅደር ውስጥ ሲገባ፣ በሰው ፊት የተዋረደችው ክብሯን በዚያው ሰው ፊት አላገኘችም። ያጠፋውም ተቀጣ እንጂ ያጎደለውን አልሞላም።

በ1974 እ.ኤ.አ. በካናዳ ኦንታሪዮ፣ ኤልማይራ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሁለት ወጣቶች ጠጥተው በአንድ ሌሊት በ22 ቦታዎች ንብረት አበላሹ። የፍርደኞችን ጉዳይ የሚከታተለው ማርክ ያንዚ ለዳኛው ያልተለመደ ሐሳብ አቀረበ፦ ልጆቹ የጎዷቸውን ሰዎች ፊት ለፊት ያግኟቸው። ዳኛው ፈቀዱ። ወጣቶቹ ቤት ለቤት እየሄዱ «ያጠፋነው እኛ ነን» አሉ፤ ጉዳቱን ከባለቤቶቹ አፍ ሰሙ፤ ከወራት በኋላ ካሳውን ይዘው ያንኑ በር አንኳኩ። ከሁለቱ አንዱ ዘግይቶ ራሱ በዚሁ የማስታረቅ ሥራ ውስጥ ገብቷል። እንዲህ ያለው ዕርቅ ከቅጣት ይቀላል የሚለኝ ካለ፣ የሰበረውን መስኮት ባለቤት ዐይን ዐይኗን እያየ ይሞክረው።

እኛም ለዚህ እንግዳ አይደለንም። ደም በተፋሰሱ ቤተሰቦች መካከል የሚደረገው የቆየ ሽምግልና፣ ጥፋትን ማመን፣ ካሳ መክፈልና ዋስ መጥራት አሉበት። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች አርባ ምንጭ ላይ እርጥብ ሣር ይዘው በተቆጣ ወጣት ፊት ተንበርክከው በቀልን ሲያስቆሙ ሀገር አይቷል። ቁጣን ማብረድ ግን የሽምግልና የመጀመሪያው ደጃፍ ነው። በየቢሮው የምናደርገው ሽምግልና ደጃፉ ላይ ቆሞ የሚቀር ነው፤ ቡናውን ወረስን፣ ካሳውንና ዋሱን ጣልን።

አቅም ያልተመጣጠነ እንደሆነ ደግሞ ሽምግልና ራሱ ሌላ በደል ይሆናል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የጠለፋትን ያገባ ሰው ከክስ እንዲያመልጥ በር ከፍቶ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ ቤተሰብ ሲታረቅ፣ ልጅቷ የዕርቁ ዋጋ ትሆን ነበር። ያ በር የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። ስለዚህ የተተነኮሰች ሴት አቤት ስትል «በሽምግልና እንጨርሰው» የሚላት ሰው ሰላም እያወረደ አይደለም፤ ሕጉን እየዘጋባት ነው።

አንድ ቀን ሽማግሌ ሁኑ መባላችሁ አይቀርም። እባካችሁ፣ ከመጨባበጡ በፊት የተበደለውን ለብቻው አግኙትና «ምን ደረሰብህ? ምን ቢደረግልህ ይሻልሃል?» በሉት። መታረቅ አልፈልግም ካለ አታስገድዱት፤ ሽበታችሁንም መያዣ አታድርጉ። ያጠፋው ጥፋቱን በስሙ ጠርቶ ይናገር፤ በሰው ፊት ያዋረደ በሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቅ። ምን እንደሚያስተካክል፣ እስከ መቼ እንደሚያስተካክል ይወሰን፤ ለዚህም ዋስ ይኑር። በሦስተኛው ወር ተመልሳችሁ ጠይቁ። ይህን ለማድረግ ጊዜ የሌለው ሰው ለማስታረቅ ባይገባ ይሻላል፤ ያለ እውነት የታረቀ ሰው ሁለተኛ ሲበደል አቤት የሚልበት ቦታ እንኳ አይቀርለትምና።