በቀይ ድንጋይ ያጌጠው የእቴጌ ምንትዋብ ቤት

በአዊ ምድር ነባሩ ቤት የሚሠራው በእንጨት፣ በጭቃና በቀርከሃ ነው። ድንጋይና ኖራ ምን ያህል ውበት ሊሸከሙ እንደሚችሉ ለልጆቻችን በቃል ከመንገር በዓይን ማሳየት ይበልጣል ብለን፣ በ2011 ዓ.ም. ከቁስቋም በዓል በኋላ በዋለው ቅዳሜ፣ መምህራን፣ ወላጆችና የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሆነን የጎንደርን ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ጐበኘን። በዋዜማው ከቆሰበር ተነሥተን በዳንግላ በኩል ባሕር ዳር አደርን፤ ሲነጋም ዐባይን ተሻግረን፣ ወረታንና አዲስ ዘመንን አልፈን ረፋድ ላይ ጎንደር ገባን።

ደብረ ፀሐይ ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ ከፍ ባለ ስፍራ ላይ ትገኛለች። ቁስቋም የተባለችውም እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደቷ ወራት ባረፈችበት በግብፁ ደብረ ቁስቋም ስም ነው። ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ባለቤታቸው ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለ ነበር፣ እቴጌይቱ ራሳቸው ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር መንግሥቱን መሩ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብም መኖሪያቸውን አሠሩ።

የቤቱ ግድግዳ በጠንካራ ጥቁር ድንጋይ በኖራ የታነጸ ሲሆን፣ ጌጡ ግን በቀይ ድንጋይ ተሠርቷል። ከሩቅ ለተመለከተው የሸክላ ጡብ ይመስላል። ይህ ቀይ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ አመድ የረጋ ነው። የዘንገናን ሐይቅ ጉድጓድ የከፈተውም እሳተ ገሞራ መሆኑን ስንነግራቸው ልጆቹ ተደነቁ። የሠሪዎቹ ጥበብ በዚህ ይታወቃል፤ ጥቁሩ ሸክሙን ይችላል፣ ቀዩ ደግሞ ለስላሳ ስለ ሆነ መሮውን ይቀበላል። በእርሱም መስቀሎችን ቀርጸውበታል፤ የዋልድባው አቡነ ሳሙኤልም በአንበሳው ላይ ተቀምጠው ይታያሉ። ገድላቸውን የሚያውቁት ልጆች ማንም ሳይነግራቸው ለዩአቸው።

የስኮትላንዱ መንገደኛ ጀምስ ብሩስ በቁስቋም በእንግድነት ተቀምጦ ነበር። በ1763 ዓ.ም. የግዮንን ምንጭ ለማየት ወደ ሰከላ፣ ማለት ወደ እኛ ጎረቤት አገር የወረደው በዚያው ጊዜ ነው። እቴጌይቱ ግን ያን ጊዜ ኀዘንተኛ ነበሩ፤ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሞተው፣ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስም በ1761 ዓ.ም. ተገድለው ነበርና። እርሳቸውም በ1765 ዓ.ም. ዐረፉ። የሦስቱም ዐፅም በዚያው በደብሩ ይገኛል።

በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ቁስቋምም ጠፋች። ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ እንደ ገና ታነጸ፤ ቤተ መንግሥቱ ግን ያለ ጣራ ቀረ። አብራን የመጣች አንዲት እናት የደብሩን ሽማግሌ ካህን፣ «አባታችን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሲነሣ ቤቱ ስለ ምን ቀረ?» ብላ ጠየቀች። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ምእመን ነበረው፤ ቤቱ ግን ወራሽ አጣ» አሏት።

ይህ መልስ ከሕንፃው ይልቅ አሳሰበን። ቁስቋም ከፋሲል ግቢ ጋር በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች፤ ነገር ግን መዝገብ ጣራ አይሆንም። ጣራ የሌለውን ግድግዳ ዝናም ይመታዋል፣ ሣርም በስንጥቁ ሥር ይሰድበታል። ጥቁሩ ድንጋይ ሲታገሥ፣ መሮውን የተቀበለው ለስላሳው ቀይ ድንጋይ ግን ዝናሙንም ይቀበላል፤ ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠፋው ጌጡ ነው። ከልጆቹ አንዱ ከወደቀው ቀይ ስባሪ ጥቂት ለመታሰቢያ ብሎ በኪሱ ሊከት ሲል አየነው። «እያንዳንዱ ጐብኚ አንዳንድ ቢወስድ፣ ነገ የሚመጡት ምን ያያሉ?» አልነው፤ እርሱም አንሥቶ ካገኘበት ቦታ መለሰው።

የጉዟችንም ትርፍ ይህ ነው። ቅርስ በጎንደር ብቻ አይገኝም፤ በየአጥቢያችን ጣራው የሚያፈስ ቤተ ክርስቲያን፣ ቀለሙ የሚረግፍ ሥዕል፣ አይጥ የሚበላው ብራና አለ። የወደቀውን ከማንሣት ያለውን መጠበቅ ይቀላል። እንግዲህ ወላጆች ከክረምት በፊት የአጥቢያቸውን ጣራ ይመልከቱ፤ ልጆችም አብረው ይዩ፣ ወራሾቹ እነርሱ ናቸውና።