የልብ ቁስል

ከጦርነት የተመለሰ ሰው ሌሊት ሲባንን፣ በር ሲንኳኳ ሲደነግጥ ባየን ጊዜ «እርሳው» ማለት ልማዳችን ነው። ነገር ግን ያልጠራ ቁስል በላዩ ቢሸፈን ከውስጥ ያመረቅዛል እንጂ አይሽርም።

በጀርመን አገር የኮንስታንትስ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ያወጡት፣ በኡጋንዳ በነበሩ የሱዳን ስደተኞች ዘንድ ተፈትኖ በ2004 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ውጤቱ የታተመ ሕክምና አለ። በሽተኛው ገመድ ዘርግቶ ከልደቱ ጀምሮ ለደስታው አበባ፣ ለመከራው ድንጋይ ያኖርበታል። ከዚያም ታሪኩን በተራ ይናገራል፤ ሐኪሙ ይጽፋል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ያነብለታል፤ የተሳተውን ያቀናል። በመጨረሻም ጽሑፉን ለባለቤቱ ይሰጠዋል።

እኛ የችሎት ጸሐፊዎች የምስክርን ቃል ጽፈን ስናነብለት «አዎን፣ ይህ ነው» ብሎ ሲፈርም ፊቱ ሲፈታ አይተናልና ነገሩ አያስደንቀንም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ተናገር ብላችሁ አታስጨንቁት፤ ሊናገር ሲጀምር ግን አፉን አትዝጉት፤ ወደ ሐኪምም ምሩት።