ከመንገድ የሚታየው

የቻርልስተን ቤቶች ፊታቸውን ለመንገድ አይሰጡም። ጠባቡ ጎናቸው ወደ መንገዱ፣ ረጅሙ ፊታቸው ወደ ግቢው ነው። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ የሆነው ቤት ወርዱ የአንድ ክፍል ያህል ብቻ ሆኖ ወደ ኋላ ይረዝማል። በረጅሙ ጎን በየፎቁ በረንዳ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜም ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምዕራብ ያያል፣ ነፋሱን እንዲይዝ። መንገድ ዳር ያለውን ያማረ በር ከፍቶ የገባ እንግዳ ሳሎን ሳይሆን በረንዳው ላይ ነው የሚደርሰው። የአሜሪካዋ የሳውዝ ካሮላይና ግዛት ሙቀትና ወበቅ የቀየሰው ቤት ነው። በየግድግዳው ላይ ክብና መስቀል ቅርጽ ያላቸው የብረት ሳህኖች ይታያሉ፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1886 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን ከመታ በኋላ ግድግዳና ግድግዳን ለማሰር በቤቱ ውስጥ ያለፉ ረጃጅም ብረቶች ጫፍ ናቸው።

የሄድኩት ለነዚህ ቤቶች ብዬ ነው። ከሁሉም በላይ ያቆመኝ ግን በአንድ ግቢ ላይ የተተከለ ማስታወቂያ ነበር። የቤቱ ባለቤት በሕንፃው ላይ ለውጥ ለማድረግ ማመልከቱን፣ ጉዳዩ መቼና የት እንደሚታይ ይናገራል። እኔ አዲስ አበባ ያደግሁ ሰው ነኝ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ፣ ዶሮ ማነቂያ ሜዳ ሲሆን፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ከማየት ሌላ የሚሄድበት ስብሰባ አልነበረውም። ስለዚህ የማስታወቂያውን ቀን ጻፍኩና በሰዓቱ ሄድኩ።

ስብሰባው የሚካሄደው በጆርጅ ጎዳና ቁጥር 2፣ በጋይላርድ ማዕከል ውስጥ ባለ የከተማው አዳራሽ ነው። ይህን አድራሻ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ሥርዓቱ ቀላል ነው። አርክቴክቱ ንድፉን በስክሪን ያሳያል፤ የከተማው ባለሙያ አስተያየቱን ያቀርባል፤ ከሕዝቡ መናገር የፈለገ ይነሣል፤ ሁለቱ አንጋፋ የቅርስ ተቆርቋሪ ማኅበራት በተወካዮቻቸው በኩል ይደግፋሉ ወይም ይቃወማሉ። ከዚያ የሥነ ሕንፃ ገምጋሚ ቦርዱ እዚያው በሕዝብ ፊት ተከራክሮ ድምፅ ይሰጣል፦ ይጽደቅ፣ ለሌላ ቀጠሮ ይደር፣ ይከልከል። አዲስ ሕንፃ ከሆነ መጀመሪያ ሐሳቡ፣ ቀጥሎ ቅድመ ንድፉ፣ በመጨረሻ ሙሉው ንድፍ እየተመለሰ ይቀርባል።

ያን ቀን ረጅሙን ክርክር ያስነሣው መስኮት ነበር። አንድ ባለቤት ያረጁትን የእንጨት መስኮቶች አውጥቶ ፋብሪካ በሠራቸው ሊተካ ፈለገ። ከሩቅ ሲያዩት ልዩነቱ አይታወቅም ብሎ ተከራከረ። አንዲት የቦርድ አባል በትዕግሥት አስረዳችው፦ አሮጌውን መስታወት በየትንሹ የሚከፋፍለው ቀጭን እንጨት ወደ ውጭ ስለሚወጣ ጥላ ይጥላል፤ በአዲሱ ውስጥ በሁለት መስታወት መሃል የገባው ማስመሰያ ግን ጥላ የለውም፤ መስኮቱ እንደ ሥዕል ይተኛል። በዚያ ላይ አሮጌው እንጨት ቀስ ብሎ ካደገ ጥንታዊ ዛፍ የተገኘ ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ነው። የበሰበሰው ጠርዝ ተቆርጦ ቢጠገን ከአዲሱ ይልቅ ይከርማል። ባለቤቱ እንዲጠግን ተወሰነ። ስለ አንድ የመስኮት ጥላ ይህን ያህል ሰው ተሰብስቦ ሲጨነቅ ማየት ያኮራኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ግን ኮራሁባቸው።

ስለ ጡብም እንዲሁ ነው። የድሮው የቻርልስተን ጡብ በእጅ የተሠራና ለስላሳ ነው፤ መያዣውም ኖራ ነው። ግንቡ በሲሚንቶ ከተሞላ ሲሚንቶው ከጡቡ ይጠነክርና በውስጡ ያለው እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ጊዜውን ጠብቆ የጡቡን ፊት ገሽልጦ ይጥለዋል። ይህን ነገር ጎንደር ታውቀዋለች። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፋሲል ግቢን ሕንፃዎች በሲሚንቶ ጠግኖ ነበር፤ ኋላ የመጡት ጠጋኞች ያንን እያነሡ ወደ ኖራው መመለስ ነበረባቸው። ስለ ኖራ የሚናገረውን የቻርልስተን ባለሙያ ስሰማ የጎንደር ግንበኛ ቢኖር ቃል በቃል ይግባቡ ነበር አልኩ።

ይህ ሁሉ ጥበቃ በአብዛኛው የተጀመረው በሴቶች ትጋት ነው። ሱዛን ፕሪንግል ፍሮስት የምትባል፣ ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለችና ቤት በመሸጥና በመግዛት ሥራ የምትተዳደር የከተማዋ ተወላጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1920 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የጆሴፍ ማኒጎልት ቤት የተባለው፣ በ1803 አካባቢ የተሠራ ሕንፃ ሊፈርስ መሆኑን ስትሰማ ሰዎችን ሰብስባ የጥንት ቤቶች ጥበቃ ማኅበርን መሠረተች። ጊዜው መኪና የገባበት ዘመን ነበር። የነዳጅ ማደያዎች በጥንታዊ ግቢዎች ላይ ይተከሉ ነበር፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር የሚመጡ ሀብታሞችና ሙዚየሞች ደግሞ የቤቶቹን የእንጨት ቅርጻ ቅርጽና የብረት አጥር እየነቀሉ ይገዙ ነበር። በ1931 ከተማዋ ታሪካዊውን ሰፈር በካርታ ከልላ፣ ለውጡን የሚመረምር ቦርድ አቋቋመች። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ሕግ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር፤ ዛሬ በመላ አገሪቱ ላሉት ቦርዶች ሁሉ አርአያ ሆኗል። ሆኖም መጀመሪያ ላይ ቦርዱ ማፍረስን የመከልከል ሥልጣን አልነበረውም፤ ያንን ያገኘው ቆይቶ ነው።

የሕጉ ልብ አንድ ነው፦ ቦርዱ የሚፈርደው ከሕዝብ መንገድ በሚታየው ላይ ብቻ ነው። ቀለሙ፣ በሩ፣ መስኮቱ፣ አጥሩ፣ ጣሪያው። ውስጡ የባለቤቱ ነው። ቤቱ ለምን እንደሚያገለግል፣ ማን እንደሚኖርበት፣ ኪራዩ ስንት እንደሆነ ቦርዱ አይጠይቅም። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው።

ምክንያቱም የዚህች ከተማ ግንብ የተሠራው በባርነት በነበሩ ሰዎች እጅ ነው። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም። አንዳንዱ ጡብ ላይ ቀርቦ ያየ ሰው የጣት ምልክት ያገኛል፤ ጭቃው ሳይደርቅ ያገላበጡት፣ ብዙ ጊዜም ሕፃናት የነበሩ ሠራተኞች ያሳረፉት ነው። ጣቴን አጠገቡ አስጠግቼ አየሁት፤ ከኔ ጣት በጣም ያንሳል። በነፃነት ዘመንም እጁ አላቆመም። ፊሊፕ ሲመንስ የተባለው ጥቁር አንጥረኛ (1912–2009) በኢስትሳይድ ሰፈር በብሌክ ጎዳና እየኖረ፣ ዛሬ ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚያነሣቸውን ከ500 በላይ በሮች፣ አጥሮችና የብረት ጌጦች ሠርቷል። በ1982 አገሪቱ ለባህል እጅ ሥራ የምትሰጠውን ትልቅ ክብር ሰጠችው። በሮቹ ከመንገድ ስለሚታዩ ሕጉ ይጠብቃቸዋል። የሰፈሩን ሰው ግን አይጠብቅም።

ወደ አድራሻው ልመለስ። በጆርጅ ጎዳና የሚገኘው ማዕከል የቆመው ሰው ይኖርበት በነበረ ሰፈር ላይ ነው። በ1960ዎቹ ትልቅ የሕዝብ አዳራሽ ለመሥራት ቤቶቹ ፈረሱ፤ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ፤ አዳራሹ በ1968 ተከፈተ። አጠገቡ በአንሰንቦሮ ሰፈር በዚያው ዘመን ያረጁ ቤቶች በበጎ አሳቢዎች ገንዘብ እየተገዙ፣ እየታደሱ ይሸጡ ነበር። ቤቶቹ ዳኑ፤ ተከራዮቹ ወጡ። ከዚያ በ2013 አዳራሹ እንደ አዲስ ሲሠራ ቆፋሪዎች አጥንት አገኙ። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የተቀበሩ 36 አፍሪካውያንና የአፍሪካ ዘር ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ በካርታ ላይ መቃብራቸው አልነበረም። ስማቸው ስለማይታወቅ የከተማዋ ጥቁር ማኅበረሰብ በሥነ ሥርዓት ስም አወጣላቸው፤ በ2019 እዚያው አቅራቢያ በክብር እንደገና ተቀበሩ።

የመስኮቱን ጥላ የሚመረምረው ቦርድ የሚቀመጠው እንግዲህ በዚህ ግቢ ነው። ይህን የምጽፈው ቦርዱን ለማሳነስ አይደለም። በ1960ዎቹ በዚያ ሰፈር የኖሩ ሰዎች፣ ማስታወቂያ ተተክሎላቸው፣ ተራቸው ደርሶ ተናግረው፣ ሰሚ ያለው ቦርድ በሕዝብ ፊት መልስ ቢሰጣቸው ኖሮ ብዬ ስለምቆጭ ነው። ለመስኮት የተሰጠው ወግ ለሰው ይገባ ነበር።

ሕጉ አይነካም የሚሉ አሉ። ይነካል፤ ሲነካም አይቻለሁ። ቻርልስተን ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ያላለች ከተማ ናት፤ ዝናብ ባይኖርም ማዕበሉ ሲሞላ ብቻ መንገዶቿ በውኃ ይሸፈናሉ። ባለቤቶች ቤታቸውን በጃክ አንሥተው ከፍ ባለ መሠረት ላይ ማስቀመጥ ሲፈልጉ ቦርዱ ለረጅም ጊዜ ይቸገር ነበር። የመንገዱ ገጽታ ይበላሻል፣ ደረጃው ይረዝማል፣ ጎረቤት ከጎረቤት አይመጣጠንም ይባላል። በ2019 ግን ቤት እንዴት እንደሚነሣ የሚያሳይ መመሪያ ወጣ፤ መሠረቱ በምን እንደሚሸፈን፣ ደረጃው እንዴት እንደሚዞር ሁሉ ተጻፈ። ባሕሩ ሲያስገድድ ሕጉ ቦታ ለቀቀለት።

በኢስትሳይድ፣ ከሲመንስ ቤት ብዙ ሳልርቅ፣ አንድ አዛውንት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሰላም አሉኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠይቀው ወንበር ሳቡልኝ። ቤቱ የአያታቸው ነው። አያት ሳይናዘዙ ስለሞቱ ርስቱ የልጅ ልጆቹ ሁሉ የጋራ ሆኗል፤ እንዲህ ያለ የወል ርስት በዚህ አካባቢ ጥቁር ቤተሰቦች ዘንድ የተለመደ ነው። አንዱ ወራሽ ድርሻውን ለውጭ ሰው ከሸጠ ገዢው ፍርድ ቤት ሄዶ ቤቱ በሙሉ እንዲሸጥ ሊጠይቅ ይችላል። በዚያ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ በውድ ተሽጦ ታድሷል። የእርሳቸው መስኮቶች በስብሰዋል። ርካሹን የፕላስቲክ መስኮት እንዲያስገቡ ሕጉ አይፈቅድም፤ እንጨቱን የሚጠግን አናጺ የሚጠይቀውን ደግሞ ጡረታቸው አይችለውም።

«ሕጉን አልጠላውም ልጄ» አሉኝ። «ይኼን መስኮት አያቴ በእጁ ነው የገጠመው። እንዲጣል የማልፈልገው መጀመሪያ እኔ ነኝ።»

ታዲያ ለምን ብቻቸውን ይሸከሙታል? ከተማዋ ጥላውን ከወደደችው የጥላውን ዋጋ ትካፈል። ማስታወቂያ ሲተከል፣ ንድፍ ሲመረመር፣ ባለቤቱ አቅም የሌለው ነባር ነዋሪ መሆኑም ይጠየቅ፤ ከሆነም መጠገኛው ገንዘብ ከውሳኔው ጋር አብሮ ይምጣ። ሞያውም ቢሆን እዚያው አለ። በ1989 ሁጎ የተባለው አውሎ ነፋስ ጣሪያውን ሁሉ ሲገነጥል ከተማዋ የጥንቱን ሥራ የሚችል ባለ እጅ አጥታ ተቸግራ ነበር፤ ከዚያ ችግር የተነሣ የግንባታ ጥበባት ኮሌጅ ተመሠረተ። ዛሬ በሚቲንግ ጎዳና፣ ጥንት የትራም ማደሪያ በነበረ ሕንፃ ውስጥ ወጣቶች አናጺነት፣ ልስን፣ ድንጋይ ጠረባና ብረት ቅጥቀጣ ይማራሉ። ከኢስትሳይድ ሩቅ አይደለም።

ይህን ለአዛውንቱ ስነግራቸው ሕንፃውን በደንብ ያውቁታል፤ ውስጡ ትምህርት ቤት እንዳለም ሰምተዋል። ተማሪዎቹ በእውነተኛ ቤት ላይ ሊለማመዱ ይፈልጉ እንደሆነ ግን ማንም ጠይቆላቸው አያውቅም። አድራሻውን በወረቀት ጻፍኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ከበሰበሱት መስኮቶች የትኛውን ነቅለው ለናሙና ይዘው እንደሚሄዱ ያማክሩኝ ጀመር። የማድ ቤቱን መረጥን፤ ትንሹ እሱ ነው፣ በመኪና ይገባል። ሰኞ ጠዋት እሄዳለሁ አሉኝ።