ዘንድሮን ያሻገሩኝ ዘፈኖች

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ጠፋሁ አይደል።

የቆያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጳጉሜ በመጣ ቁጥር እዚህ ገጽ ላይ «የዓመቱ ዘፈኖቼ» ብዬ እጽፋለሁ። አዲስ የወጡትን መገምገሜ አይደለም፤ ያን አልችልበትም። ዓመቱ ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ ይዘው ያቆሙኝን ነው የምጽፈው። አምና አንዷ ተማሪዬ «ቲቸር፣ እርስዎ እኮ ካሴት ከቀረ ወዲህ ዘፈን የወጣ አይመስልዎትም» ብላ ስቃብኛለች። እውነቷን ነው።

ዘንድሮ ግን ልተወው ነበር። ምክንያቱን መንገድ ላይ ታገኙታላችሁ።

አንድ። መስከረም፤ «አበባየሆሽ»

በ2017 መባቻ ጠዋት የሰፈር ልጆች በር ላይ ቆመው ዘፈኑልን። ከበሮዋ የፕላስቲክ ጀሪካን ናት። ትንሿ ልጅ ግጥሙን እየረሳች ሌሎቹ ከጨረሱ በኋላ ብቻዋን «ለምለም» ትላለች። እኔ ቡና ይዤ በረንዳ ላይ ተቀምጬ እየሳቅኩ ነበር። ሌላ ምንም ነገር አልሆነም። ይህን የምጽፈው ለምን መሰላችሁ? በሁለት ጆሮዬ የሰማሁት የመጨረሻው አበባየሆሽ ስለሆነ ነው። ያኔ ባውቅ ኖሮ ሃምሳ ብር ጨምሬ «ድገሙልኝ» እል ነበር።

ሁለት። ጥር፤ «ኩሉን ማን ኳለሽ»

ከጥምቀት በኋላ የድሮ ተማሪዬ ሰርግ ነበር። ፊዚክስ ላይ ስታለቅስ የማውቃት ልጅ መሐንዲስ ሆና፣ ሙሽራ ሆና መጣች። «ኩሉን ማን ኳለሽ» ሲጀመር እናቷ አለቀሱ፤ እኔም አላመለጥኩም። እስክስታም ወርጃለሁ፤ ቪዲዮው ያላችሁ እባካችሁ አጥፉት።

ከስምንት ቀን በኋላ ጠዋት ስነሳ ስልኬ ጠራ። እንደ ልማዴ በግራ ጆሮዬ ያዝኩት። ዝም። «ሃሎ፣ ሃሎ» ብዬ ዘጋሁት። ደግሞ ተደወለ፤ ደግሞ ዝም። ኔትወርክ ነው ብዬ ወደ ቀኝ ሳዞረው የወንድሜ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ።

እና ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ድምፅ ያስተማርኩ ሰው ሞቅ ያለ ዘይት ጠብ አደረግሁበት። ቆሻሻ ይሆናል አልኩ። ብርድ ይሆናል አልኩ። የሰርጉ ስፒከር ይሆናል አልኩ። ባለቤቴ «ሐኪም ቤት ሂድ» ስትለኝ «የፈተና ወረቀት አርሜ ልጨርስ» አልኳት። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

በመጨረሻ የጆሮ ሐኪሙ መርምሮ፣ ማዳመጫ አድርጎልኝ የመስማት ፈተና ከሰጠኝ በኋላ ወረቀቱን አሳየኝ። ቆሻሻም፣ ብርድም አይደለም። የውስጠኛው ጆሮና የነርቩ ጉዳይ ነው፤ በድንገት ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም። ስፒከሩንም ነፃ አወጣው። ቀጥሎ ቀስ ብሎ «በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢመጡ ኖሮ መድኃኒቱ የተሻለ ዕድል ነበረው» አለኝ። መድኃኒቱን ጀመርኩ። ጆሮዬ ግን አልተመለሰም።

ወረቀቶቹን አርሜ ነበር። በደንብ ነው ያረምኳቸው።

ሦስት። ዐቢይ ጾም፤ የዓለሙ አጋ በገና

ሰዎች የማይሰማ ጆሮ ጸጥ ያለ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ ይጮኻል። ቀን ላይ ጫጫታው ይሸፍነዋል፤ ሌሊት ግን ክረምት ላይ እንዳለ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። አልተኛም። ተነጫነጭኩ። ልጆቼ ላይ ጮኽኩ። ትዝታ የሚባል ነገር መክፈት አቆምኩ፤ ጾም መግባቱ በጀኝ፤ «ለምን ዘፈን ተውክ» የሚል አልነበረም።

አንድ ሌሊት ባለቤቴ በስልኳ የዓለሙ አጋን በገና ዝቅ አድርጋ ከትራሴ አጠገብ አስቀመጠችልኝ። በገና አሥር ጅማት አለው፤ ከጅማቶቹ ሥር በምትገባው ቁራጭ ቆዳ ምክንያት ድምፁ ይነዝራል። ያ ወፍራም እዝዝታ የጆሮዬን ጩኸት ጠቅልሎ ወሰደው። ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ንጋት ተኛሁ። አሁንም መድኃኒቴ እሱ ነው።

አራት። መጋቢት፤ «ኤረ መላ መላ»

መገናኛ ነው። ከአንዱ ሚኒባስ የማሕሙድ አሕመድ «ኤረ መላ መላ» ይሰማል። በ1975 እ.ኤ.አ. የተቀዳ ዘፈን፣ ዛሬም ታክሲ ውስጥ እንደ አዲስ ነው። ከወዲያ በኩል የመጣ መሰለኝና ወደ መንገዱ ገባሁ። ታክሲው ለካ በግራዬ አጠገቤ ደርሷል። የሌላ መኪና ረዳት ጃኬቴን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ።

«ፋዘር! ጆሮ የለህም እንዴ?»

«አንዱ የለም» አልኩት።

ደነገጠ፤ ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። እጄን ይዞ አሻገረኝ። ከልቤ ከሳቅኩ ወር አልፎኝ ነበር።

ትምህርት ቤት ግን ሳቁ ሌላ ነበር። ልጅ ከግራ «ቲቸር!» ሲለኝ ወደ ቀኝ እዞራለሁ፤ ክፍሉ ይስቃል። ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። በሦስተኛው ጠመኔ አነሳሁና ሰሌዳው ላይ ራስ ሳልኩ። በሁለቱ ጆሮዎች መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ። የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ። አካፍሉ። 0.0006 ሰከንድ። ከጎን የሚመጣ ድምፅ አንዱ ጆሮ ጋ ከሌላው የሚቀድመው በዚህች ብቻ ነው፤ አንጎላችን ድምፁ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው በአብዛኛው በእሷ ነው። «እኔ ይህቺን አጥቻለሁ» አልኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ።

በማግስቱ ከወደ ኋላ አንድ ድምፅ መጣ፦ «ቲቸር፣ በግራ በኩል ሦስተኛ ወንበር ነኝ፣ ጥያቄ አለኝ።» እስከ ሰኔ ድረስ ሁሉም እንዲህ እያሉ ነው የጠየቁኝ። ማንም አላዘዛቸውም።

አምስት። ፋሲካ፤ አምባሰል

እናቴ ለፋሲካ ከሐይቅ መጥታ እኛ ጋ ሰነበተች። ፋሲካ በሆነ ቁጥር ጥላሁን ገሠሠን ታነሳለች፤ በ2001 ዓ.ም. በትንሣኤ ዕለት ነው ያረፈው። እሷ ራሷ ግን የማሪቱ ለገሠ ሰው ናት። ቡና እየቆላች አምባሰል ታንጎራጉራለች፤ ግጥሙን አትለውም፣ ዜማውን ብቻ።

ነገሩን ደብቄያት ነበር። ቀላ ያለውን ቡና እየሰጠችኝ «ምነው ልጄ፣ ሳወራህ ዘወር ዘወር ትላለህ?» አለችኝ። ነገርኳት። «ያማል?» አለች። «አያምም።» ሌላ አልጠየቀችም። በርጩማዋን አነሳች፣ ከረከቦቱ ዞራ መጥታ በቀኜ በኩል ተቀመጠችና ካቆመችበት ቀጠለች። እስክትሄድ ድረስ በግራዬ ተቀምጣ አታውቅም፤ መንገድ ላይም በቀኜ ነው የምትሄደው።

በዚያው ሰሞን ልጄ ስልኬን ተቀብላ «ሞኖ» የሚለውን ከፈተችልኝ። ለካ ዘፈኖች ሲቀዱ አንዳንዱ መሣሪያ በግራ፣ አንዳንዱ በቀኝ ይደረጋል፤ እኔ ለወራት ግማሹን ባንድ ሳልሰማ ነበር የኖርኩት። አሁን ሁሉም በቀኝ ይመጣል። ትንሽ ይጣበባል፤ ግን ማንም አልቀረም።

ስድስት። ጳጉሜ፤ የጂጂ «አባይ»

ትናንት ጳጉሜ 4 ነው፤ ግድቡ የተመረቀ ዕለት። የእጅጋየሁ ሽባባው «አባይ» ከጎረቤት፣ ከሱቁ፣ ከላይኛው ፎቅ፣ ከሚያልፈው መኪና፣ ከሁሉም ቦታ፣ አንዱ ከሌላው ትንሽ ቀድሞ ይዘፈናል። በረንዳ ላይ ቆምኩ። ካመመኝ ወዲህ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር «ከየት ነው?» እያልኩ ነበር የምሳቀቀው። ትናንት መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከየትም ነበር የሚመጣው።

ወደ ውስጥ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ትዝታን ገና አልከፈትኩም። የከርሞ ሰው ይበለን።

አንድ አደራ ግን አለኝ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩትም ለእሱ ነው። አንድ ቀን ጠዋት አንዱ ጆሯችሁ በድንገት ዝም ካለ፣ ዘይት አትጨምሩበት፤ «ይሻለኛል» ብላችሁ አትጠብቁ። ያን ዕለት፣ ካልተቻለም በማግስቱ፣ የጆሮ ሐኪም ጋ ሂዱ። የሚታረም ወረቀት ይቆያል።

እናንተስ? ዘንድሮ የያዛችሁ ዘፈን የትኛው ነው፣ የትስ አገኛችሁ? ታች ጻፉልኝ። አንድ በአንድ እከፍታቸዋለሁ።

እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ። ነገ ጠዋት ልጆቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ሲመጡ ሃምሳዋ ብር ተዘጋጅታለች።